ከአንድ ቦኖ የሚቀዱ ጎረቤቶች

በጋምቤላ ከተማ በተደረገ የመስክ ሠራተኞች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የተጠየቅነው በኩሌ የስደተኞች መጠለያ ስላከናወንነው ሥራ እንድንናገር ነበር። የክንውኑ ዘገባ ተባዝቶ በእጃችሁ ስለሚገኝ ቁጥሩን መልሰን አናነብላችሁም። ይልቁንም በዘገባው ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ ያጣንለትን አንድ ጉዳይ እናነሣለን። ይኸውም በፖለቲካ አመለካከት የሚቃረኑ ሰዎች በአንድ አጥር ተጎራብተው እንዴት እንደሚኖሩ፣ ሲያቅታቸውም ምን እንደሚሆን በኩሌ ያየነው ነው።

ኩሌ በኢታንግ ልዩ ወረዳ፣ ከቴርኪዲ መጠለያ አጠገብ፣ በግንቦት 2006 ዓ.ም. የተከፈተ ሠፈር ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 6 ቀን በጁባ የተነሣው ጦርነት በፓጋክ በኩል ወደ አገራችን ያሻገራቸው ሰዎች ይኖሩበታል። አብዛኞቹ የኑዌር ቋንቋ ተናጋሪዎች፣ ከላይኛው ናይል ግዛት፣ በተለይም ከናሲርና ከአካባቢው የመጡ ናቸው። ስለዚህ ከሩቅ ያየ ሰው «እነዚህ ሁሉ አንድ ወገን ናቸው» ይላል። እኛም ስንመጣ እንዲሁ ብለን ነበር። ለሥልጠና የሚቀመጡትን ስንመድብ የምንጠነቀቀው ለጾታና ለዕድሜ ብቻ ነበር።

ስሕተታችን የታወቀን ዘግይቶ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በጁባ እንደገና ውጊያ ተነሥቶ ዶክተር ሪያክ ማቻር ከከተማዋ ሲወጡ፣ በድርድሩ ጊዜ ዋና ተደራዳሪያቸው የነበሩት ጄኔራል ታባን ዴንግ ጋይ በወሩ ውስጥ በአንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም ኑዌር ናቸው፤ ሁለቱም የቤንቲዩ አገር ሰዎች ናቸው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ጄኔራል ሳይመን ጋትዌች ዱዋል ከሪያክ ማቻር ተለዩ። እያንዳንዱ መለያየት ድንበሩን ተሻግሮ በኩሌ ቱኩሎች መካከል አለፈ። አንዱ «ከመንግሥት ጋር ሆኖ ሰላም ማምጣት ይሻላል» ሲል፣ ጎረቤቱ «ይህ የሞቱብንን መሸጥ ነው» ይላል።

ስማቸውን የማንጠራቸው ሁለት ረዳት መምህራን አሉ። አጥራቸው አንድ ነው፤ የመጡትም በአንድ ሰሞን ነው። የአንደኛው ሚስት ስትወልድ ሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ ያደረሳት የሌላኛው ቤተሰብ ነበር። በክፍል ውስጥ አንዱ ሒሳብ፣ አንዱ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። በአንድ ራኩባ ሥር ቡና የሚጠጡት እነዚህ ሁለት ሰዎች ከ2008 ወዲህ በጁባ ጉዳይ ተስማምተው አያውቁም፤ ቢሆንም ቡናው ለብዙ ዓመታት አልተቋረጠም ነበር።

የመጠለያ ጣቢያ ሕግ የሠፈሩን ሲቪልነት ይጠብቃል። መሣሪያ መያዝ፣ ለጦር መመልመል፣ የፓርቲ መዋቅር መዘርጋት ክልክል ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። እኛ ግን ሕጉን ከወሰኑ አሳልፈን ጎተትነው። በወጣቶች ማእከላችን ግድግዳ ላይ «ፖለቲካ ማውራት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ በሦስት ቋንቋ ለጠፍን። በዘገባችንም «የግጭት ስጋት ቀንሷል» ብለን ጻፍን። ማእከሉ በእርግጥም ጸጥ ብሎ ነበር። ነገር ግን ፊት ለፊት እንዳይነገር የከለከልነው ቃል ወደ ስልክ ገባ። ወጣቶቹ በአሜሪካ በኦማሃና በሚኒሶታ የሚኖሩ ወገኖቻቸው በፌስቡክ የሚለቁትን ቪዲዮ በጆሮ ማዳመጫ ለየብቻቸው ይሰማሉ። (ከጦሩ ሜዳ የራቀ ሰው ንግግሩ የሚከፋበትን ምክንያት እኛ ኢትዮጵያውያንም እናውቀዋለንና ብዙ አንልም።) በማእከሉ ውስጥ ቢነገር ኖሮ «እንዲህ አይደለም፣ እኔ በቦታው ነበርሁ» የሚል ጎረቤት ይገኝ ነበር። በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ግን የሚመልስ ሰው የለም።

በየካቲትና በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በናሲር ውጊያ ሲነሣ፣ ከዚያም የጦር ሠፈሩ ሲያዝና ከተማዪቱ ከአየር ስትደበደብ፣ በመጋቢት አጋማሽም ሪያክ ማቻር በጁባ ከቤታቸው እንዳይወጡ ሲደረግ፣ ኩሌ ውስጥ ዘመድ ያልተነካበት ቤት አልነበረም። በዚያው ሰሞን በክልላችን የኮሌራ ወረርሽኝ ነበረና ስለ ውኃ ንጽሕና ለማስተማር በየቦኖው እንዞር ነበር። አንድ ማለዳ ከአንድ ቦኖ ስንደርስ ጀሪካኖቹ በአንድ ሰልፍ ሳይሆን በሁለት ተደርድረው አገኘን። በመካከሉ አንድ ጀሪካን ተገልብጦ ውኃው ፈስሷል። የጀሪካኑ ባለቤት ከላይ የጠቀስነው፣ የመንግሥትን ወገን ይደግፋል የሚባለው መምህር ሚስት ናት። «ባልሽ ከጁባ ይቅዳልሽ» ተብላለች። የተናገረቻት ደግሞ በወሊዷ ሌሊት ደግፋ የወሰደቻት ጎረቤቷ ነበረች።

የቦኖው ውኃ ከኢታንግ የሚነሣ ነው። ያው መስመር ቴርኪዲን፣ ኩሌንና ንጉኒዬልን አጠጥቶ የኢታንግን ከተማ ነዋሪ፣ አኙዋውንም ኑዌሩንም ደገኛውንም ያጠጣል። እኛም ይህንኑ ለመስበክ አፋችንን ስንከፍት አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ምልክት ዝም አሰኙን።

እኚህ አባት አማርኛ ያውቃሉ። በደርግ ዘመን በኢታንግ ከነበሩት በመቶ ሺሕ ከሚቆጠሩ ስደተኞች አንዱ ነበሩና። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከኢታንግ ተነሥተው ወደ ናሲር በእግራቸው ገቡ። በነሐሴ ወር በዚያችው በናሲር ሪያክ ማቻር ከጆን ጋራንግ መለየታቸው ታወጀ። ሽማግሌው ያን ጊዜ ወንድማቸው በአንዱ ወገን፣ የእኅታቸው ባል በሌላው ወገን ሆነው ተዋጉ። በ1994 ዓ.ም. ሪያክና ጋራንግ ታረቁ። «ሲጣሉ ጠሩን፤ ሲታረቁ ግን አልጠሩንም፤ በሬዲዮ ሰማን። የእኅቴ ባል ግን እስኪሞት ድረስ ከቤቴ ምግብ አልቀመሰም» አሉን።

የመጨረሻዋ ቃል በኑዌር ዘንድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነች ያልተረዳ ሰው ነገሩ ያመልጠዋል። በ1920ዎቹ በኑዌር መካከል የኖረው እንግሊዛዊ የሰው ባሕል ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድም ጽፎታል፤ ደም የተቃቡ ሁለት ቤተ ሰቦች የነብር ቆዳ የሚለብሰው አስታራቂ ከብቱን አስከፍሎ ሥርዓቱን እስኪፈጽም ድረስ ከአንድ ዕቃ አይበሉም፣ አይጠጡም። የዕቃ መለየት የደም ምልክት ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ለሴቶቹ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «በእናንተ መካከል ደም አለን? ማን ማንን ገደለ?» ሁሉም ዝም አሉ። «ደም ከሌለ ዕቃችሁን የለየው ማን ነው?»

ይህ ጥያቄ እኛንም አንገታችንን አስደፍቶናል፤ ቀድሞ ስለ ራሳችን ተጠይቀነዋልና። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜን ጦርነት በተነሣ ጊዜ በመስክ ግቢያችን ከትግራይም፣ ከአማራም፣ ከኦሮሚያም የመጣን ሠራተኞች አብረን ነበርን። ቀድሞ በአንድ ትሪ የምንበላ ሰዎች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሳህናችንን ይዘን በየክፍላችን መግባት ጀመርን። ማንም ማንንም አልሰደበም። ስልክ ተቋርጦበት የእናቱን ድምፅ ለወራት ያልሰማ ባልደረባ ነበረን። «ቤተሰብህ እንዴት ናቸው?» ብለን አልጠየቅነውም፤ ጥያቄው የፖለቲካ አቋም እንዳይመስልብን ፈርተን ነው። እኛ ዲያቆናት በቅዳሴ መካከል ምእመናን እርስ በርሳቸው የሰላም ሰላምታ እንዲሰጣጡ እናውጃለን። እሑድ ይህን አውጀን ሰኞ ከዚያ ወንድም ጋር ዓይን ለዓይን ሳንተያይ እንውል ነበር። እኚያው ሽማግሌ ለስብሰባ ግቢያችን ሲመጡ ይህን አይተው «ለምን ለየብቻ ትበላላችሁ? በመካከላችሁ ደም አለ?» ብለው ጠየቁን። የመለሰላቸው ሰው አልነበረም።

ባልደረባችን ከጊዜ በኋላ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ይቅርታ የጠየቅነው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በስልክ ነው። «እኔም አልጠየቅኋችሁም፤ እናንተም ዘመድ ነበራችሁ» አለን። እንዲህ ማለቱ የእርሱ ደግነት ነው እንጂ የእኛን ዕዳ አያቃልልም።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ፈተና ከውጭ ሆና የምታይ አይደለችም። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ሲኖዶሳችን በአገር ቤትና በስደት ተብሎ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተከፍሎ ኖሯል። በውጭ አገር በአንድ ከተማ የሚኖሩ፣ በአንድ አጥቢያ የተጠመቁ ሰዎች አንዱ የአገር ቤቱን፣ አንዱ የስደቱን፣ አንዱ ገለልተኛውን ብለው ለሦስት ተከፍለው ቀደሱ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዕርቅ ሲወርድና ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያለቀስነው ሁላችን ነን። ከዚያ ወዲህ የደረሰብንም ፈተና ለማንም የተሰወረ አይደለም። ጌታ ከዐሥራ ሁለቱ መካከል ቀረጥ ሰብሳቢ የነበረውን ማቴዎስንና ቀናተኛ የተባለውን ስምዖንን በአንድ ማዕድ አስቀምጧል፤ በመንገድ ምን ይባባሉ እንደነበር ወንጌል አልነገረንም። ዝም ተባብለው ሄዱ ብለን ግን አናምንም።

ወደ ኩሌ እንመለስ። ማስታወቂያውን አነሣነው። በምትኩ ምን እንደምናደርግ ስናስብ በ1991 ዓ.ም. በየካቲት ወር በዉንሊት የተደረገውን የዲንካና የኑዌር የሰላም ጉባኤ አስታወስን። ጉባኤውን ያስተባበረው የአዲስ ሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ነበር። በዚያ ነጭ ኮርማ ታርዶ ቃል ኪዳን ታስሯል፤ እኛን የጠቀመን ግን ከቃል ኪዳኑ በፊት የተሠራው ሥራ ነው። የየአካባቢው ሰዎች የተወሰደባቸውን ከብት፣ የተቃጠለባቸውን ቤት፣ የተነጠቁትን ልጅ በተራ ቆመው ተናገሩ፤ ሌላው ወገን ደግሞ ሳያቋርጥ ሰማ። ለመስማማት የተጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከግንቦት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሽማግሌዎቹ መሪነት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ይህን በትንሹ ሞከርነው። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ተናጋሪው የሚናገረው እርሱ ራሱ ያየውንና የደረሰበትን ነው፤ «መሪያችን እንዲህ ብሏል» ማለት አይቻልም። ከስልክ የሰማውን የሚያወራ «አንተ የት ነበርህ?» ተብሎ ይጠየቃል። በመጨረሻም ከአንድ ዕቃ ዋልዋል ይበላል። ይህን የመጨረሻውን የጨመሩት ሽማግሌው ናቸው፤ በጀት ግን አልነበረውም። ማሽላው ከየቤቱ ራሽን የሚዋጣ ስለሆነ ራሽኑ በተቀነሰባቸው ወራት አንድ አንድ እፍኝ ብቻ ነበር የሚመጣው።

ሁሉም ተሳካ ብለን አንዋሽም። በናሲር ልጇ የሞተባት አንዲት እናት አንድ ቀን መጥታ፣ ሰምታ፣ ከዕቃው ሳትቀምስ ሄደች፤ ዳግመኛም አልመጣችም። ትክክል ናት እንላለን። ለእርሷ ነገሩ አመለካከት አይደለም፤ ደም ነው፤ ደም ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው፤ በእኛ የቅዳሜ ጉባኤ አይፈታም። ሁለቱን ለይተን ባለማወቃችን ገና በመጀመሪያው ቀን «ሁላችሁም ይቅር ተባባሉ» ብለን ነበርና ይህን ስሕተት እናንተም እንዳትደግሙት በግልጽ እንናገራለን። ሦስት ወጣቶችም ሠፈሩን ጥለው ድንበር ተሻግረዋል፤ ለምን እንደሄዱ ሁላችሁም ትገምታላችሁ። ከሦስቱ ሁለቱ በጉባኤው ይመጡ የነበሩ ናቸው።

የቦኖው ሰልፍ ግን አንድ ሆኗል። ጀሪካን የገለበጠችው ሴት ይቅርታ ስትጠይቅ አልሰማንም፤ ብቻ አንድ ማለዳ የጎረቤቷን ጀሪካን ከራሷ ቀድማ ሞልታ በራሷ ተሸክማ አድርሳላታለች ሲሉ ሰማን።

ሁለቱ መምህራን አሁንም አልተስማሙም። ከመስከረም ወር ጀምሮ በጁባ የሪያክ ማቻር የክስ ችሎት እየተሰማ ነውና ባለፈው ሳምንት ለጉብኝት ስንሄድ ከራኩባው ሥር ተቀምጠው የሬዲዮ ሚራያን ዜና ከአንድ ስልክ ሲሰሙ አገኘናቸው። «ማሌ» ብለን ሰላምታ ሰጠን፤ መልሰው ቡና አቀረቡልን። አንደኛው «ፍርድ ቤቱ ጨዋታ ነው» አለ። ሁለተኛው «ጨዋታ ከሆነ ለምን ትሰማዋለህ?» አለው። እየተከራከሩ ሳለ ስልኩ ባትሪ ጨረሰ። ሶላር ያለው በሁለተኛው ቤት ስለሆነ ስልኩን ተቀብሎ ሊሰካው ሄደ፤ የመጀመሪያውም «ዜናው ሳያልቅ ቶሎ በል» እያለ ከኋላው ጮኸበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።