ከመድረሻው የሚጀምር ዕቅድ
ስለ ማኅበረሰብ ኮሌጅ የሁለት ዓመት የሳይንስና የምህንድስና ዲግሪ የቀረበ ንግግር



በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ሁሉ ነሐሴ በመጣ ቁጥር ከወላጆች አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል። ይኸውም «ልጃችን ማኅበረሰብ ኮሌጅ ሊገባ ነው፤ ምን ቢማር ይሻለዋል?» የሚል ነው። የተለመደውም መልስ «ለጊዜው ሳይንስ ይማር፤ ሁለቱን ዓመት ሲጨርስ ይለይለታል» የሚለው ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ መልሱ በቅን ልቡና የሚሰጥ ቢሆንም ስሌት የጎደለው መሆኑን ማሳየትና የጎደለውን ስሌት ማቅረብ ነው።

በመጀመሪያ የነገሩን አመጣጥ መመልከት ይጠቅማል። ከአሜሪካ የሕዝብ ማኅበረሰብ ኮሌጆች ሁሉ ቀደምት ነው የሚባለው የኢሊኖዩ የጆሊየት ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1901 ሲቋቋም ሐሳቡን ያመነጩት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬኒ ሃርፐርና የጆሊየት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የበላይ ኀላፊ የነበሩት ጄ. ስታንሊ ብራውን ነበሩ። ዓላማውም ከአካባቢያቸው ርቀው ለመሄድ ለማይችሉ ወጣቶች የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ትምህርት መስጠት ነበር። በፕሬዚዳንት ትሩማን የተሰየመው የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣው ሪፖርት እነዚህ ኮሌጆች በመላ አገሪቱ እንዲስፋፉ አሳስቧል። የሙያ ሥልጠናውም ከዩኒቨርሲቲ መሰናዶው ጎን ለጎን አደገ።

ከዚህም የተነሣ ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓይነት ዲግሪ ይሰጣል። አንደኛው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሸጋግረው የሳይንስ አሶሼት ዲግሪ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተማሪውን በቀጥታ ለሥራ የሚያዘጋጀው የተግባራዊ ሳይንስ አሶሼት ዲግሪ ነው። ስማቸውን የሚለየው አንድ ቃል ብቻ ስለሆነ በምዝገባ ጊዜ ይምታታሉ። በኢትዮጵያ ደግሞ የሁለት ዓመት ትምህርት በዲፕሎማ የሚደመደም ስለነበር፣ ብዙ ወላጆች አሶሼት ዲግሪን ራሱን የቻለ ፍጻሜ አድርገው ይቈጥሩታል። መሐንዲስ ወይም የሳይንስ ሰው ለመሆን ለሚያስብ ተማሪ ግን ይህ ዲግሪ ድልድይ ነው፤ የድልድይም ጥቅሙ ማዶውን ሲነካ ነው።

ማዶውን የማይነኩት ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ በማኅበረሰብ ኮሌጅ ትምህርት ከሚጀምሩ 100 ተማሪዎች መካከል በ6 ዓመት ውስጥ የባችለር ዲግሪ የሚያገኙት 16 ያህሉ ብቻ ናቸው። የፌዴራሉ መንግሥት የተጠያቂነት መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2017 ባቀረበው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ከማናቸውም ዓይነት ኮሌጅ ወደ ሌላ የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ከዚህም በላይ፣ ዩኒቨርሲቲው ክሬዲቱን ተቀብሎ «ነፃ ምርጫ» በሚለው ዓምድ ሲመዘግበው ክሬዲቱ በወረቀት ላይ ይቈያል እንጂ የመመረቂያውን ቀን አያቀርብም።

ችግሩ በአጠቃላዩ የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ዲግሪ ላይ ጎልቶ የሚታየው ዲግሪው ሰፊ ምርጫ ስለሚፈቅድ ነው። የፊዚክስን ምሳሌ እንውሰድ። በብዙ ኮሌጆች ሁለት የፊዚክስ ትምህርቶች አሉ፤ አንደኛው በአልጀብራ፣ ሁለተኛው በካልኩለስ ላይ የተመሠረተ ነው። በቨርጂኒያ ኮሌጆች የመጀመሪያው «ኮሌጅ ፊዚክስ»፣ ሁለተኛው «ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ» ይባላል። አጠቃላዩ ዲግሪ ሁለቱንም የሚቀበል ሲሆን ተማሪው ቀለል ያለውን ይመርጣል። ፈተናውን ያልፋል፤ ይመረቃልም። የምህንድስና ፋኩልቲ ሲደርስ ግን ፊዚክስን እንደገና «ሀ» ብሎ እንዲጀምር ይነገረዋል። በዚህ ሁሉ ተማሪው አልሰነፈም፤ ኮሌጁም የገባውን ቃል አላጠፈም። የጎደለው ዕቅድ ነው።

መሐንዲስ አንድን ግንባታ ሲያቅድ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው የማይጀመርባቸውን ተከታታይ ሥራዎች፣ ማለትም ወሳኙን መስመር አስቀድሞ ይፈልጋል። በዚህ ዲግሪ ውስጥ ወሳኙ መስመር ሒሳብ ነው። ከቅድመ ካልኩለስ የሚጀምር ተማሪ በ1ኛው ሴሚስተር ቅድመ ካልኩለስን፣ በ2ኛው ካልኩለስ 1ን፣ በ3ኛው ካልኩለስ 2ን፣ በ4ኛው ካልኩለስ 3ን ይማራል። በካልኩለስ ላይ የተመሠረተው ፊዚክስም ካልኩለስ 1ን ስለሚጠይቅ በ3ኛውና በ4ኛው ሴሚስተር ይውላል። ሰንሰለቱ ሁለቱን ዓመት ልክክ ብሎ ይሞላል፤ ትርፍ ጊዜ የለውም። ተማሪው በምደባ ፈተና አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ከተመደበ ግን ካልኩለስ 3ና ሁለተኛው ፊዚክስ ከሁለቱ ዓመት ውጭ ይወድቃሉ። ስለዚህ የዲግሪውን ርዝመት የሚወስነው ብዙዎች ሳይዘጋጁ የሚቀመጡበት የአንድ ቀን የምደባ ውሳኔ ነው ለማለት ይቻላል። ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ ኮሌጆቿ በምደባ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ውጤትን እንዲመለከቱና ተማሪን ያለ በቂ ምክንያት በማካካሻ ትምህርት እንዳያዘገዩ ያዘዘችው ይህንኑ ጉዳት ተገንዝባ ነው።

አሁን ከመድረሻው ወደ ኋላ እንቊጠር። የአሜሪካን የምህንድስና ፕሮግራሞች የሚመዝነው አቤት የተባለው ድርጅት በባችለር ዲግሪ ውስጥ ቢያንስ 30 የሴሚስተር ክሬዲት የሒሳብና የመሠረታዊ ሳይንስ ትምህርት እንዲኖር ይጠይቃል። ክሬዲቱ ከኮሌጅ ኮሌጅ መጠነኛ ልዩነት ቢኖረውም፣ ሦስቱ ካልኩለሶች 12፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንና ሊኒየር አልጀብራ 6፣ ሁለቱ ፊዚክሶች ከነቤተ ሙከራቸው 8፣ ኬሚስትሪ 4 ቢባል ድምሩ 30 ይሆናል። አሶሼት ዲግሪው 60 ክሬዲት ገደማ ስለሆነ፣ ከካልኩለስ 1 የሚጀምር ተማሪ የምህንድስናን የሒሳብና የሳይንስ መሠረት በሙሉ በማኅበረሰብ ኮሌጅ፣ በአነስተኛ ክፍያ ሊጥል ይችላል ማለት ነው። በመልካም ዕቅድ የሚገኘው ጥቅም ይህን ያህል ነው።

«ገና ሙያውን ያልመረጠ ልጅ እንዴት መድረሻ ሊኖረው ይችላል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። መልሱ በመጀመሪያው ዓመት በሩን ሁሉ ክፍት የሚያደርጉትን ትምህርቶች መያዝ ነው። እነርሱም ተከታታዩ ሒሳብ፣ ለሳይንስ ተማሪዎች የተዘጋጀው ኬሚስትሪ፣ የእንግሊዝኛ ድርሰትና የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ናቸው። ከ2ኛው ሴሚስተር መጨረሻ ሳያልፍ ግን መንገዱ ይለያል፤ ምህንድስና ወደ ፊዚክስና ወደ ስታቲክስ፣ የኮምፒዩተር ሳይንስ ወደ ዲስክሪት ማቲማቲክስ፣ ሥነ ሕይወት ወደ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ያመራሉ። ከከባዱ ሒሳብ ወደ ቀላሉ መሻገር ሁልጊዜ ይቻላል፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መመለስ ግን ዓመት ያስከፍላል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት አጠቃላይ ትምህርቶችን፣ ታሪክንና ሥነ ጥበብን የመሳሰሉትን፣ በአንድ ጊዜ «ጨርሶ መገላገል» ነው። እንዲህ ያደረገ ተማሪ በሁለተኛው ዓመት የሚቀሩት ከባድ ትምህርቶች ብቻ ይሆናሉ፤ ሚዛኑን የሚጠብቅለት ቀላል ኮርስም አያገኝም። ቀን ሠርቶ ማታ የሚማረው ወገን፣ በሴሚስተር ሁለት ኮርስ ብቻ የሚወስድ ቢሆን እንኳ፣ ከሁለቱ አንዱ ዘወትር ሒሳብ ሊሆን ይገባዋል። አንዳንዱ ኮርስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰጥ አንድ ሴሚስተር መዝለል ሙሉ ዓመት ሊወስድ ይችላል። የፌዴራሉ የፔል ዕርዳታም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ለአንድ ሰው ከ12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተሮች ለማይበልጥ ትምህርት ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ፣ የማይቈጠር ኮርስ ገንዘቡንም ይበላል።

መፍትሔው በተግባር ታይቷል። የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው መርሐ ግብር የሙሉ ጊዜ ትምህርትን፣ የቅርብ ምክርንና የትራንስፖርት ድጎማን በማስተባበር በ3 ዓመት የሚመረቁትን ቊጥር በእጥፍ ገደማ አሳድጓል። የሰሜን ቨርጂኒያ ማኅበረሰብ ኮሌጅና የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2018 በጀመሩት የጋራ መርሐ ግብር ተማሪው ገና በኮሌጅ ሳለ የሁለቱን ተቋማት ዕቅድ በአንድነት ይዞ ይጓዛል።

የተከበራችሁ አባላት፤ ከዚህ ማኅበር የሚጠበቀው ታላቅ ወጪ አይደለም። እያንዳንዱ አባል ከአንድ ተመዝጋቢ ጋር አንድ ሰዓት ቢቀመጥ ብዙ ይሠራል። በዚያች ሰዓት አራት ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ፤ እነርሱም ተማሪው ሊገባበት የሚያስበው ዩኒቨርሲቲ የ4 ዓመት ዕቅድ፣ በሁለቱ ተቋማት መካከል ያለው የዝውውር ስምምነት፣ የሒሳብ ምደባው ውጤትና የኮሌጁ የኮርስ መርሐ ግብር ናቸው። ስምምነቱ ዲግሪውን ማጠናቀቅን ወይም የተወሰነ አማካይ ውጤትን ይጠይቅ እንደሆነም ይመርመር። ከዚያ በኋላ አራቱ ሴሚስተሮች ከመጨረሻው ተጀምሮ ወደ መጀመሪያው ይሞሉ፤ ዕቅዱም ለኮሌጁ የትምህርት አማካሪ ቀርቦ በጽሑፍ ይረጋገጥ።

ማታ ማታ መኪና እየነዳ ወይም በሆስፒታል ተረኛ እየሆነ ለሚማር ወጣት የባከነ ዓመት በቀላሉ አይተካም። ለመዋቅሩ አንዲት ብረት ሳትሰላ እንድትገባ የማይፈቅድ መሐንዲስ፣ የወንድሙና የእኅቱ ልጅ ሁለት ዓመት ያለ ስሌት ሲያልፍ ዝም ብሎ ሊመለከት አይገባውም።