ለቆሰሉ ልጆቻችን ዝምታ መድኃኒት አይሆንም

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአስተዳደር ኮሚቴው ስም የተሰማ ንግግር)



እንደሚታወቀው በዚህ ስብሰባ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ቦይ ጠረጋ፣ ስለ ጥበቃ ደመወዝና ስለ ወርኃዊ መዋጮ ነው። ዛሬ ግን ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ተስማምቶ አንድ ከባድ ጉዳይ ይዞ ቀርቧል። ይኸውም በልጆች ላይ ስለሚደርስ ጥቃትና ጥቃቱ የደረሰባቸው ልጆች ስለሚታከሙበት መንገድ ነው። ነገሩ ለጆሮ እንደሚከብድ እናውቃለን። ለእኛ ለአዋቂዎቹ ይህን ያህል ከከበደን ብቻዋን ለተሸከመችው ልጅ እንዴት እንደሚከብድ አስቡት።

በቅድሚያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ልጇ በቅርብ ሰው መደፈሯን ሰምታ እያለቀሰች ወደ እኛ መጣች። እኛስ ምን አደረግን? ሽማግሌ ሰየምን። «የቤተሰብ ስም ይጠፋል፣ ነገሩን በሆድ ያዙት» አልን። ሰውየው ይቅርታ ጠየቀ፣ ካሳ ከፈለ፣ ቡና ተፈላ፣ ተመራርቀን ተበተንን። ሰላም አወረድን ብለንም ደስ አለን። ልጅቷ ግን ሌሊት ሌሊት እየጮኸች ትነሣ ጀመር። ትምህርቷን አቋረጠች። በመጨረሻም ቤተሰቡ ሠፈሩን ለቆ ሄደ። የታረቁት ትልልቆቹ ናቸው፤ እሷን ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ይህን የምናነሣው ማንንም ለማሳጣት ሳይሆን እንዳይደገም ነው።

ሕጉም ቢሆን ለእንዲህ ዓይነቱ እርቅ ቦታ የለውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 627 ላይ ከ13 ዓመት በታች በሆነች ሕፃን ላይ የግብረ ሥጋ ድፍረት የፈጸመ ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉት አንቀጽ 626 አለ። ወንዶች ልጆችም ይጠቃሉ፤ ለእነሱም ሕጉ አለ። ይህ በሽማግሌ የሚያልቅ የድንበር ጠብ አይደለም። የወላጅ ይቅርታም ክሱን አያስቀርም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንድ በአንድ እንመልከት።

አንደኛ፣ ልጁን ማመን። አጥቂው ብዙ ጊዜ ቤት ገብቶ የሚወጣ፣ የሚታመን ሰው ስለሆነ «እሱ እንዲህ አያደርግም» ለማለት እንቸኩላለን። «ለምን አልጮህሽም? ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» ማለትም ሁለተኛ ቁስል ነው። ልጁን «ስለ ነገርከኝ ጥሩ አደረግህ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ማለት ይበቃል። ደጋግሞ መመርመር የባለሙያ ሥራ እንጂ የጎረቤት አይደለም። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁም ቃል አትግቡ፤ ለሐኪምና ለፖሊስ መነገሩ የግድ ነውና።

ሁለተኛ፣ ጊዜ አለማባከን። የኤች.አይ.ቪ. መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል፤ ለ28 ቀንም ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ለደረሰች ልጃገረድ የእርግዝና መከላከያም ይሰጣል። ከምርመራ በፊት ገላዋን አታጥቧት፤ ልብሷንም ሳታጥቡ በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ያዙ እንጂ በፌስታል አትቋጥሩ። በከተማችን በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪም፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና የሥነ ልቦና ባለሙያ በአንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል አለ። የፖሊስ የስልክ ቁጥር 991 ነው። ሦስት ቀን አልፏል፣ እንዲያውም ዓመት አልፏል ብላችሁም አትቅሩ። የቀረው ሕክምና ብዙ ነው።

ሦስተኛውና ዛሬ አጥብቀን ልንናገር የፈለግነው፣ የልብ ቁስል መታከም እንዳለበት ነው። ሰውየው ታሠረ፣ አለቀ እንላለን። ለልጁ ግን አላለቀም። አልጋ ላይ መሽናት የተወ ልጅ እንደገና ይጀምራል፤ ሆዴን፣ ራሴን ይላል፤ ሐኪም ምንም አላገኘሁም ይላል። ደብተሩን ይጥላል፣ ይቆጣል፣ ወይም ድምፁን አጥፍቶ ጥግ ይይዛል። ይህ ብልግና አይደለም። ሌባው ከሄደ በኋላ እንኳ ጩኸቱን ማቆም ያቃተው ዘበኛ ማለት ነው፤ የልጁ ሰውነት አደጋው ማለፉን ገና አላወቀም። ዱላና ቁጣ ደግሞ ያንኑ ዘበኛ ያስጮኸዋል።

ሕክምናው ምንድን ነው? ባለሙያው ልጁን ገና በመጀመሪያው ቀን ተናገር ብሎ አያስጨንቀውም። በጨዋታና በሥዕል ያላምደዋል። ፍርሃት ሲመጣ ትንፋሹን እንዴት እንደሚያረጋጋ፣ ስሜቱን በስሙ እንዴት እንደሚጠራ ያስተምረዋል። ከዚያም ቀስ በቀስ የደረሰበትን በራሱ ቃል እንዲናገር ወይም እንዲጽፍ ይረዳዋል። እናት ወይም አሳዳጊም ለብቻዋም ከልጁም ጋር እየገባች ትማራለች። ይህ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ለወራት የሚቆይ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ሄደን ለውጥ አላየንም ብሎ ማቋረጥ አይገባም።

«ይሄ የፈረንጅ ሕክምና ለኛ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። በዛምቢያ፣ በሉሳካ ከተማ፣ ወላጅ ባጡና በተቸገሩ ልጆች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ሕክምናውን የሰጡት ሠልጥነው ክትትል የሚደረግላቸው ተራ የአገሩ ሰዎች ነበሩ። ሕክምናውን ያገኙት ልጆች የጭንቀት ምልክት በ80 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ የተለመደውን ርዳታ ብቻ ያገኙት የቀነሰላቸው በ20 በመቶ ገደማ ነው። እኛ ጋ ባለሙያው ጥቂት፣ ወረፋውም ረጅም መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም አማኑኤልን የመሳሰሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች አሉ። «አማኑኤል ወሰዷት» ማለት አበደች ማለት አይደለም፤ ይህን ወሬ ከሠፈራችን እናጥፋ። ጠበል የሚወስድ ይውሰድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ ግን የሐኪሙን ቀጠሮ አያስቀር።

ፍርድ ቤትን የምትፈሩም አላችሁ። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልጁ ከተከሳሹ ፊት ሳይቆም በሌላ ክፍል ሆኖ በካሜራ የሚመሰክርበት አሠራር አለ። ሕግ የሚያማክር ለቸገራት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ይረዳል። አጥቂው እዚያው ቤት ሆኖ መሸሻ ለጠፋት ደግሞ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያ ይሰጣል።

የተከበራችሁ አባሎች፤

ለለቅሶ ድንኳን ተክለን፣ ወንበር አሰልፈን፣ ሦስት ቀን እናስተዛዝናለን። በቁሟ ለቆሰለች ልጅ ግን እስከ ዛሬ የመደብንላት የለም። ስለሆነም ኮሚቴው የሚከተለውን ለውሳኔ አቅርቧል፤

1. ማኅበራችን በልጅ ላይ የደረሰ ጥቃትን በሽምግልና አይዝም፤ የያዘ አባል ቢኖርም በጠቅላላ ጉባዔ ይጠየቃል።

2. ከመጠባበቂያው ገንዘብ ለሕክምና መመላለሻ የትራንስፖርት ወጪ ይመደብ፤ የተቀባዩ ስም በመዝገብ ላይ አይጻፍ።

3. ምስጢር የሚጠብቁ ሁለት እናቶችና አንድ አባት ይመረጡ፤ ወደ ሆስፒታል አብረው ይሂዱ፣ የቀሩትንም ልጆች ይጠብቁ።

አጥቂ ነው የተባለውን ሰው መደብደብ ግን ክልክል ነው፤ ለፖሊስ ማስረከብ ይበቃል።

ያቺን ልጅ ዛሬ አግኝተን ይቅርታ ብንጠይቅ በወደድን። አልቻልንም። የምንችለው ቀጥላ በራችንን የምታንኳኳው እናት የምታገኘውን መልስ መለወጥ ነው። እጃችሁን አውጡና ድምፅ እንስጥ።