አንድ አውራ ለአሥር ዶሮ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



 በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ዶሮ እንድንናገር የፈቀደልንን ኮሚቴ እናመሰግናለን። ርዕሱ ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይተናል። ዕድር የሚነጋገረው ስለ ድንኳን፣ ስለ ብረት ድስትና ስለ ወርኃዊ መዋጮ ነው፤ ዶሮ ከዕድር ጋር ምን አገናኘው የሚልም አይጠፋም። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁን የሚያገናኘው ነገር መኖሩን እናስረዳለን።

በእኛ በሮቤም ሆነ በጎባ፣ ጓሮ ያለው ቤት አብዛኛው ጥቂት ዶሮ አያጣም። ቤት ውስጥ ሳንቲም ሲጠፋ እንቁላሉ ለጨውና ለሳሙና ይሆናል። ልጅ ደብተር ሲያልቅበት አንዷ ቄብ ትሸጣለች። አራስ ሲኖር፣ እንግዳ ሲመጣ፣ በዓል ሲደርስ አውራው ይታረዳል። እንዲህ የሚያገለግለንን ከብት፣ ከብት እንበለውና፣ አያያዙን ግን ብዙም አናስብበትም። ጠዋት ለቆ ማታ ቆጥ ላይ መቁጠር ብቻ ነው።

እንግዲህ ከአውራው እንጀምር። አንዲት ዶሮ አሥራ ሁለት እንቁላል ታቅፋ በ21 ቀን አሥር ጫጩት ብትፈለፍል፣ ግማሾቹ ግድም ወንዶች ይሆናሉ። ጭልፊቱና ሽልምጥማጡ የድርሻውን ወስዶ ሦስት ወንድ ቢያድግ፣ ሦስት እናት ባለችበት ጓሮ ዘጠኝ አውራ ቆመ ማለት ነው። ለአሥር ሴት ዶሮ ግን አንድ ጎልማሳ አውራ ይበቃል። ከዚያ የበለጠው ትርፉ ጠብ ነው። አውራዎቹ እርስ በርስ ይደማማሉ። ሴቶቹን በየተራ ሲያሳድዱ የጀርባቸው ላባ ይላጫል፣ ኩክኔያቸው ይቆስላል። የተሳደደች ዶሮ ደግሞ ጎጆዋን ትታ የጎረቤት ቁጥቋጦ ሥር ትጥላለች፤ ከዚያ በኋላ እንቁላሉ የማን ነው እየተባለ ሰው ከሰው ይቀያየማል። እንዲህ ያለው ቅያሜ ሽማግሌ ፊት የደረሰበትን ቀን የምታስታውሱ አላችሁ።

እንቁላሉን ለመብላት ወይም ለመሸጥ ብቻ የሚፈልግ ቤት እኮ አውራ ጨርሶ አያስፈልገውም። ዶሮ ያለ አውራም ትጥላለች። እንቁላሉ ጫጩት አይወጣውም እንጂ ምግብነቱ ያው ነው። አውራው ከታረደ በኋላም ለሁለት ሳምንት ግድም የሚጣለው እንቁላል ዘር ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ አውራ የለወጠ ሰው የአዲሱን ዘር ከፈለገ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው ማሳቀፍ ያለበት።

ለዘር የሚቀረው የትኛው ነው? ገበያ ላይ ሰው የሚያየው መልክ ነው። ቀይ ነው፣ ገብስማ ነው፣ ኩክኔው ድርብ ነው እየተባለ ዋጋ ይጨመርበታል። ለድስት ከሆነ ይሁን። ለዘር ሲሆን ግን እናቱን ጠይቁ፤ ምን ያህል ትጥላለች? ታቅፋ ጫጩቶቿን ታሳድጋለች? ጥሩ አውራ ጥሬ ሲያገኝ ሴቶቹን ይጠራል፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ ቀድሞ ይጮኻል። ልጆች ፊት ላይ የሚዘለውን ወደ ድስት ነው። ደግሞም አንድ አውራ በአንድ ጓሮ ከዓመት በላይ ሲቆይ ከገዛ ልጆቹ ጋር ይገናኛል፤ ዘሩ እየደከመ፣ የሚፈለፈለውም እየቀነሰ ይሄዳል። መላው ቀላል ነው፤ ከጎረቤት ጋር አውራ መለዋወጥ። ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ ጫጩት ባጭሩ እንበል። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከአርባ እስከ ስልሳ እንቁላል ነው የምትጥለው፤ ማቀፍና ማሳደግ ግን ታውቅበታለች። እንደ ቦቫንስ ያሉት የፈረንጅ ዶሮዎች ብዙ ይጥላሉ፣ ማቀፍ ላይ ግን የሉበትም። በሁዳዴ ክርስቲያኑ እንቁላል ስለማይበላ ገበያው ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ በርካሽ ከመሸጥ፣ ከሳምንት ያልበለጠውን እንቁላል መርጦ ማሳቀፍ ያዋጣል። በመጋቢት የታቀፈው በሚያዝያ ይፈለፈላል፤ ወንዱም ለገና ስምንት ወር ይሞላዋል። ነገር ግን አገራችን ደጋ ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ላይ ናት፣ ጎባ ከዚያም ከፍ ትላለች። የበልጉ ዝናብና ብርድ ጫጩት ይፈጃል። ስለዚህ እናትና ልጆችን በደረቅ የስንዴ ገለባ ላይ፣ ነፋስ በማይገባበት ማሳደር ነው። ገለባ በባሌ አልጠፋም።

ወንዶቹ አራት አምስት ወር ሲሆናቸው አንዱን ለዘር መርጦ የቀሩትን በየጊዜው መሸጥ ወይም ማረድ፣ ካልሆነም ለብቻ ማጠር ይገባል። እኛ ግን ሁላችንም ለበዓል እናቆያቸዋለን። ይህ ምን እንደሚያመጣ ከራሳችን ቤት እንንገራችሁ።

በ2009 ዓ.ም. ፋሲካ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በጓሯችን አሥራ አንድ ሴቶችና አምስት አውራዎች ነበሩን። አውራዎቹ ለገና መሸጥ ነበረባቸው፤ ለፋሲካ ዋጋ ይጨምራል ብለን አቆየናቸው። ይህም አልበቃ ብሎን፣ ገበያ ስንዞር አንድ ድርብ ኩክኔ ያለው ገብስማ አየንና ለዘር ብለን ገዛን። በዚያው ምሽት ከሌሎቹ ጋር ቆጥ ላይ አወጣነው። በአራተኛው ቀን ገብስማው ክንፉን ጥሎ ጥግ ያዘ፤ ኩሱ አረንጓዴ ውኃ ሆነ፤ አፉን ከፍቶ ይተነፍስ ጀመር። ሞተ። በሳምንቱ ሁለት ሴቶች አንገታቸው እየተጠመዘዘ ወደቁ።

ያን ጊዜ ምን አደረግን? መናገሩ ያሳፍራል፤ ቢሆንም እንናገረዋለን። ገና ጤነኛ የሚመስሉትን አራት ዶሮዎች በቅርጫት አድርገን፣ ለአንድ ጎረምሳ ሰጥተን ገበያ ላክን። «ከሚሞቱ ይሸጡ» አልን። ተሸጡ። ገንዘቡንም ቆጥረን ተቀበልን። ቤት ከቀሩት አንዲት ጥቁር ቄብ ብቻ ተረፈች። ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኛ ደረሰ።

የገንዘቡ ኪሣራ ግን ትንሹ ነው። ከፋሲካ በኋላ አንድ ለቅሶ ላይ፣ በዚሁ በዕድራችን ድንኳን ውስጥ፣ አንዲት አባላችን ዶሮዎቿ እንዳለቁባት ስታወራ ሰማን። ከዚያ ጎረምሳ ሁለት ዶሮ ገዝታ ነበር። የእኛ ነበሩ። እኛም ሻያችንን ፉት እያልን ዝም አልን። በዓመቱ ሁለት ቄቦች ወስደን ሰጠናት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርናትም። መረቀችን። ያ ምርቃት ለዓመታት ከብዶን ኖረ።

ይህን ንግግር ስናዘጋጅ፣ ቤቷ ሄደን እውነቱን ነገርናት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «ጋሼ፣ ዶሮስ ይተካል። ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ ግን ከቀሩኝ ሁለቱን ጎባ ለእናቴ ባልላክሁ ነበር» አለችን። የእናቲቱም ቤት አልቆ ኖሯል። ዛሬ የምንናገረው በፈቃዷ ነው።

ይህ በሽታ ፈንግል ይባላል። ፈረንጆቹ ኒውካስል ይሉታል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 በጃቫ ደሴትና በእንግሊዝ አገር ኒውካስል በተባለችው ከተማ ስለታወቀ ነው። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ቫይረስ ነው። አንዴ ከያዘ የሚያድን መድኃኒት የለም። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ሎሚ፣ አረቄም ሆነ ለሰው የታዘዘ ካፕሱል አይመልሰውም። በኩሱ፣ በምራቁ፣ በቅርጫቱ፣ በጫማችን ሥር፣ ሜዳ ላይ በተጣለ የሞተ ዶሮ ይተላለፋል። በበዓል ሰሞን የሚብሰውም የየአገሩ ዶሮ አንድ ገበያ ላይ ስለሚገናኝ ነው፤ ሳይሸጥ የተመለሰውም በሽታውን ይዞ ቆጡ ላይ ይወጣል። በአማርኛ ዶሮ በሉት፣ በኦሮምኛ ሉኩ በሉት፣ ፈንግል ቋንቋ አይመርጥም፤ የክርስቲያንና የሙስሊም አጥርም አይለይም።

ክትባት ግን አለው። ክትባቱም በአገራችን፣ በቢሾፍቱ ይመረታል። አንደኛው ዓይነት ሙቀት የሚችል፣ ዘሩ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ዓይን ላይ አንድ ጠብታ የሚደረግ ነው። የሚሠራው ለጤነኛ ዶሮ ነው፤ ጥበቃው እስኪጸናም ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ በየአራት ወሩም መደገም አለበት። ታዲያ ለምን አናስከትብም? ችግሩ ብልቃጡ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ አስቀምጦ ለሌላ ጊዜ ማድረግ አይቻልም። ስድስት ዶሮ ያለው ሰው ለስድስት ጠብታ ሙሉ ብልቃጥ አያስከፍትም፤ ባለሙያውም ለስድስት ዶሮ ብሎ ከቤት ቤት አይዞርም። እንግዲህ ዶሮ ከዕድር ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ስለሆነም ለጉባኤው የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በኅዳር፣ በመጋቢትና በሐምሌ፣ ማለትም በየአራት ወሩ፣ አንድ ቅዳሜ ንጋት ላይ ዶሮው ከቆጥ ሳይወርድ የሰፈሩ ሁሉ የሚከተብበት ቀን ይወሰን። የእንስሳት ጤና ባለሙያ በዕድሩ ስም ይጠራ። ከዕድሩ ካዝና አንድ ሳንቲም አይውጣ፤ ክፍያው በየቤቱ የዶሮ ቁጥር ይሁን። መዝገቡን በነፃ ለመያዝ እኛ ፈቃደኞች ነን። ዕድሜ ልካችንን የሠራነው ሥራ እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ከገበያ የመጣ ዶሮ፣ ሳይሸጥ የተመለሰም ቢሆን፣ አሥራ አራት ቀን ለብቻው ይቆይ። ጥሬውና ውኃው የተለየ ይሁን፤ የሚመገበውም ከሌሎቹ በኋላ ይሁን።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ቤት ለአሥር ሴት አንድ አውራ ይያዝ። የዘር አውራም በዓመት አንድ ጊዜ እርስ በርስ እንለዋወጥ። ልውውጡ ከክትባቱ ሁለት ሳምንት በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

አራተኛ፣ ዶሮው ክንፉን የጣለበት ሰው በዚያው ቀን ለሰፈሩ ተጠሪ ይንገር። አይሽጥ፣ ለዘመድ አይላክ፣ የሞተውንም ሜዳ አይጣል፤ አርቆ ቆፍሮ ይቅበር ወይም ያቃጥል። ዶሮ መታመሙ ነውር የለውም፤ ነውሩ መደበቁ ነው። ይህን የምንለው ደብቀን ስላየነው ነው።

ሰው ሲሞት ጥሩምባው ሲነፋ የማን ቤት ነው ሳንል ሁላችንም እንወጣለን። ሀዘን አጥር ዘልሎ እንደሚመጣ ስለምናውቅ ነው ዕድር የመሠረትነው። ለጓሯችን ያንን ልማድ በትንሹ ብናውለው ምን ይከብደናል?

ያቺ የተረፈችው ጥቁር ቄብ ብዙ ፈለፈለች። ዛሬ በጓሯችን ካሉት ዘጠኝ ሴቶች ስድስቱ የእሷ ዘር ናቸው። አውራው አንድ ነው፤ እሱም ባለፈው ሳምንት ከዚያችው እኅታችን ጓሮ በለውጥ መጣ። አሥራ አራት ቀኑን እስኪጨርስ ከእንጨት ማደሪያው አጠገብ ለብቻው ታጥሮ ይጮኻል።