ከሦስተኛው ቀን በኋላ

(በጳውሎስ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አባቶቻችን ስለ እንግዳ ሲናገሩ፥ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በሁለተኛው ብር፥ በሦስተኛው መዳብ ነው ይላሉ። እንግዳን እግሩን አጥቦ፥ አብልቶ ማሳደር የምንኮራበት ልማዳችን ነው። ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው ግን ወደ አገሩ መመለስ ስለማይችለው እንግዳ፥ ማለት ከሦስተኛው ቀን በኋላ ስላለው ኑሮ ነው።

ይህ ሰው ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከኤርትራ፥ ከሶማሊያ፥ ከሱዳንና ከየመን የተሰደዱ ሰዎች በአዲስ አበባ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ።

ጉለሌያችን ራሱ በመጤ እጅ የቀና ሰፈር ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ከዚህ እስከ ሽሮ ሜዳ ሰፈሩ። አገራቸው ይኸው አገር ቢሆንም ቋንቋቸው ሌላ፥ ሙያቸውም የተናቀ ነበረ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ መከልከላቸው፥ ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያስረዳል። ዛሬ ግን በበዓል ቀን የአገር ልብስ ብለን የምንኮራበት ሸማ የእነርሱ የእጅ ሥራ ነው።

ከባሕር ማዶ የመጡም አሉ። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የዚያን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። እነዚህን ሁሉ ባላገር ያደረጋቸው ሥራና ቦታ ማግኘታቸው እንጂ ምጽዋት አይደለም።

ሕጉስ አለ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት በ1969 እ.ኤ.አ. የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም ስደተኛው እንዲማር፥ እንዲዘዋወር፥ በሕጉ መሠረት እንዲሠራ ይፈቅዳል። ነገር ግን አዋጅ የጎረቤትን በር አያንኳኳም፤ የሚያንኳኳው ጎረቤት ነው።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን እንናገር። አንዲት ስደተኛ እናት የልጇን ሕመም በእጅ ምልክት ለማስረዳት ስትደክም፥ ቋንቋዋን የምናውቅ ተማሪዎች አጠገቧ ተቀምጠን ዝም ያልንበት ቀን ነበረ። ማንም አልከለከለንም፤ አልተጠየቅንም ብለን ነው። ይህን ንግግር ያስነሣን ያ ቀን ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ትግርኛ፥ ዓረብኛ ወይም ሶማልኛ የምናውቅ ሁሉ ስማችንን አስመዝግበን፥ የሕመምተኛውን ምሥጢር ጠብቀን በተራ እናስተርጕም።

ሁለተኛ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አማርኛ እናስተምር። ትምህርቱ ከሰዋስው ሳይሆን ከገበያ፥ ከቤት ኪራይና ከሐኪም ቤት ቃላት ይጀመር። እኛም በዚያው ከቋንቋቸው እንማር።

ሦስተኛ፤ ወላጆቻችን ባሉበት ዕድር ስደተኛው ጎረቤት እንዲመዘገብ እንለምን። በሰፈራችን ሰው ከሰው የሚቈጠረው ሐዘን ሲደርስበት የሚደርስለት ሲኖር ብቻ አይደለም፤ እርሱም በተራው ሌላው ዘንድ ሲደርስ ነው። መዋጮውን ከፍሎ፥ ከእኛ ጋር ድንኳን ሲተክል፥ ወንበር ሲያመላልስ፥ ቀብር ቀርቶ ሲቀጣም፥ ያን ጊዜ እንግዳነቱ አበቃ።

የምንለምናችሁ ርኅራኄ አይደለም፤ በሦስተኛው ቀን መዳብ የሆነውን ሰው በአራተኛው ቀን ጎረቤት እንድናደርገው ነው። መዝገቡ ከዚህ ስብሰባ በኋላ በበሩ አጠገብ ይቀመጣል።