ለታሰሩ ከብቶቻችን ስለሚያሰጋው አረም ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



ባለፈው በጋ ከማኅበራችን አባሎች የአንዲት እናት ሦስት ፍየሎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደቁባቸው። ዓይናቸው ንቁ ነው፤ ሣር ሲቀርብላቸው ተኝተው ይበላሉ፤ መነሣት ግን አቃታቸው። ሽንታቸውም እንደ ቡና ጠቆረ። ሰፈሩ ወዲያው «ዓይን ነው» አለ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተኳረፈ። እኛም የኮሚቴ አባሎች ዝም ብለን አየን፤ ይህ ጥፋታችን ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥተው ሲመረምሩ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከአጥር ሥር ታጭዶ በተሰጣቸው ሣር ውስጥ አንድ አረም ከነፍሬው ነበረበት። ስሙ በሳይንስ ሴና ኦክሲደንታሊስ ይባላል፤ የስናመኪ ዘመድ ነው። አበባው ብጫ፣ ቅጠሉ ሲታሽ የሚከረፋ፣ ፍሬው እንደ ፎሶሊያ ቀጠን ብሎ የረዘመ ነው።

መርዙ ጡንቻን ይገድላል። የእግር ጡንቻ ሲጎዳ እንስሳው ይወድቃል፤ የጡንቻው ቀለም በሽንት ይወጣል፤ የልብ ጡንቻ ከተነካ ይሞታል። ማርከሻ የለውም። አረሙ ቢደርቅም መርዙ አይጠፋም። ሌላ የጡንቻ በሽታ መስሎን የሴሌኒየምና የቫይታሚን ኢ መርፌ ብናስወጋም ሊብስበት ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪም ሳይጠየቅ አይወጋ።

በብራዚል አገር ይኸው ፍሬ ከማሽላ ጋር ተቀላቅሎ በበረት የሚቀለቡ አሳማዎችን ፈጅቷል። ለሰውም ቢሆን አይመለስም። በሰሜን ህንድ በየዓመቱ ትንንሽ ልጆችን ይገድል የነበረው በሽታ ይህን ፍሬ ከመብላት የመጣ መሆኑን ሐኪሞች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 አስታውቀዋል። ጉበትን፣ ጡንቻንና አንጎልን ነው የሚጎዳው። ልጆቻችን የሚጫወቱት ደግሞ እዚያው አጥር ሥር ነው!

ሜዳ የወጣ ፍየል መርጦ ይበላል፤ የታሰረ ግን ያቀረብንለትን ነው። እንግዲህ ኃላፊነቱ የኛ ነው ማለት ነው። ስለዚህ፤

1ኛ/ የምንሰጠውን ሣርና እህል እያበጠርን እንስጥ።
2ኛ/ ልጆች ፍሬውን እንዳይነኩ እንምከር።
3ኛ/ የፊታችን እሑድ ከጧቱ 2 ሰዓት ጀምሮ አረሙ ሳያፈራ ከሥሩ እንንቀል። መቆፈሪያ ያለው ይዞ ይምጣ።

የተኳረፋችሁም አብራችሁ ኑ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ አረሙንም ቂሙንም አንድ ላይ እንንቀለው።

የማኅበሩ ጸሐፊ