የደኅንነት በጀት በትምህርት ቤት፤ የመጀመሪያውን ዓመት ስለ ማቀድ



ትምህርት ቤት የዕውቀት ቤት መሆኑን የማያውቅ የለም። የሥራ ቦታም መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። በቤተ ሙከራው አሲድ፥ በእጅ ሥራው ክፍል መጋዝ፥ በወጥ ቤቱ እሳትና የፈላ ውሃ አለ። በእነዚህ መካከል መምህሩ፥ የቤተ ሙከራ ረዳቱ፥ የጽዳት ሠራተኛዋና ወጥ ሠሪዋ በየቀኑ ይውላሉ፤ ተማሪውም ከእነርሱ ጋር ነው። ዛሬ ለመናገር የተነሣሁት፥ ለእነዚህ ሁሉ ደኅንነት ለመጀመሪያ ጊዜ በጀት የሚያቅድ ትምህርት ቤት ከምን ሊጀምር እንደሚገባው ነው።

አስቀድሜ አንድ ጥያቄ ላቅርብ። የዓይን መከላከያ መነጽር በበጀቱ ሳይጻፍ ቢቀር ወጪው ቀረ ማለት ነውን? ወጪው ወደ ሌላ ሰው ተላለፈ እንጂ አልቀረም። ወይ መምህሩ ከደመወዙ ይገዛዋል፥ ወይም ተማሪው በዓይኑ ይከፍለዋል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ቁጥር 155 ስምምነት፥ የደኅንነት ርምጃ ሠራተኛውን አንዳችም ወጪ ሊያስወጣው እንደማይገባ በ21ኛው አንቀጽ ደንግጓል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃዋለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ፥ አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስረዳ፥ የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና የደረሰውን አደጋ እንዲመዘግብ ያዝዛል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ቢተዳደሩም፥ አሲድ የሠራተኛውን መደብ ለይቶ አያቃጥልም።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ነውና፥ የበጀቱ መጀመሪያ ግቢውን በእግር መዞር ነው። ርዕሰ መምህሩ፥ የየክፍሉ ኀላፊና ሒሳብ ሹሙ አንድ ላይ ሆነው እያንዳንዱን ክፍል ይመልከቱ። አደጋውን አብልጦ የሚያውቀው ሥራውን በእጁ የሚሠራው ስለሆነ፥ የጽዳት ሠራተኛዋንና ዘበኛውን ሳይጠይቁ አይለፉ። ስለ እያንዳንዱ አደጋ ሦስት ነገር ይጻፍ፤ ምን ዓይነት ጉዳት ያደርሳል፥ በምን ያህል ጊዜ ሊያጋጥም ይችላል፥ ስንት ሰውስ ይነካል? ብርቱ ጉዳት የሚያደርሰው፥ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ቢሆንም እንኳ፥ በዝርዝሩ ራስ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ጉዳይ የወጪው ቅደም ተከተል ነው። ብዙዎቻችን ደኅንነት ሲባል መጀመሪያ የሚታየን ጓንት ነው። የሙያው ሥርዓት ግን ጓንትን ከመጨረሻ ያስቀምጠዋል። በመጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ ነው፤ በግምጃ ቤት የተከማቸና ስያሜው የጠፋ የኬሚካል ጠርሙስ በባለሙያ ይወገድ። ቀጥሎ መለወጥ ነው፤ የሜርኩሪው ቴርሞሜትር በአልኮል ቴርሞሜትር ይተካ። ሦስተኛው መከለል ነው፤ መጋዙ መሸፈኛ ይደረግለት፥ የተላጠውም የኤሌክትሪክ ሽቦ ይታደስ። አራተኛው የአሠራር ደንብና ሥልጠና ነው፤ አሲድ በውሃ ላይ ቀስ ተብሎ ይጨመራል እንጂ ውሃ በአሲድ ላይ እንደማይጨመር ማስተማር ገንዘብ አይጠይቅም። ጓንትና መነጽር በመጨረሻ ይመጣሉ፤ ምክንያቱም የሚጠቅሙት ሰው በየቀኑ ሳይረሳ ሲያደርጋቸው ብቻ ነው። የተወገደ አደጋ ግን የማንንም ማስታወስ አይሻም።

ሦስተኛው የቍጥሩ ነገር ነው። ለምሳሌ 900 ተማሪዎች ያሉት ትምህርት ቤት 900 መነጽር መግዛት የለበትም። በአንድ ጊዜ ወደ ቤተ ሙከራው የሚገቡት 45 ቢሆኑ፥ ከመምህሩና ከረዳቱ ጋር 47 መነጽርና ጥቂት መለዋወጫ ይበቃል። መነጽሩ ከፊት ወደ ፊት ስለሚተላለፍ ግን የማጠቢያ ሳሙናው ወጪ አይዘንጋ። የእሳት ማጥፊያም አንዴ ተገዝቶ የሚረሳ ዕቃ አይደለም፤ በየዓመቱ በባለሙያ ይመረመራል። የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥኑ ውስጥ ያለውም ያልቃል፥ ጊዜውም ያልፋል። ስለዚህ ሠንጠረዡ ሁለት ዓምድ ይኑረው፤ አንዱ የአንድ ጊዜ ወጪ፥ ሁለተኛው በየዓመቱ የሚመለስ ወጪ።

በመጨረሻም ይህ ገንዘብ የራሱ አርእስት ይሰጠው። «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚባለው ውስጥ ከተደባለቀ፥ ችግር በመጣ ጊዜ አስቀድሞ የሚቆረጠው እርሱ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፥ የግቢው ዙረት እስከ የካቲት ቢፈጸም ዋጋ ለማጠያየቅና ለማስፈቀድ ጊዜ ይገኛል።

ገንዘቡ አይበቃም ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፥ በመጀመሪያው ዓመት ለሁሉ አይበቃም። እንግዲያውስ የተላለፈው ሥራ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይቀመጥ፥ ኀላፊውም ይፈርምበት፤ መነጽሩ እስኪገዛ ድረስም ዓይንን የሚያሰጋው ሙከራ ይቆይ። ትምህርቱ መጉደሉ ያሳዝናል። ነገር ግን የጎደለ ትምህርት በሚመጣው ወር ይሟላል፤ የጠፋ ዓይን በማናቸውም በጀት አይመለስም።

ዓመቱ ያለ አደጋ ቢያልፍ «ገንዘቡ በከንቱ ወጣ» የሚል አይታጣም። ለእርሱ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው መልሱን አስቀድመው ሰጥተውታል።