የሚያስል ልጅ ሆዱን ሲያመው



አማርኛ ተናጋሪ እጅግ ሲበሳጭ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ሐኪም የሚያውቀው የቆሽት ማረር ደግሞ ሌላ ነው፤ ምግብን ለመፍጨት የተዘጋጁት ኢንዛይሞች አንጀት ሳይደርሱ እዚያው ቆሽት ውስጥ ሥራቸውን ጀምረው የገዛ ሥጋውን ሲጎዱት የሚደርስ ሕመም ነው። በልጆች ላይ ከሚያስከትሉት መካከል የሆድ ምት፣ የሐሞት ጠጠር፣ ጆሮ ደግፍ፣ አንዳንድ መድኃኒቶችና ወደ ሐሞት ቧንቧ የገባ ወስፋት ይገኛሉ። የሳንባ ምች ግን እምብዛም አይታሰብም።

ሆኖም ማይኮፕላዝማ ኒሞኒያ የተባለው ባክቴሪያ ከሳንባ ውጭም ቆዳን፣ ደምንና አንጎልን ይነካል፤ አልፎ አልፎም የቆሽት መቆጣት አብሮት ታይቷል። ተሕዋሱ ራሱ ቆሽት ይድረስ ወይም የሰውነት መከላከያ በገዛ አካሉ ላይ ይዙር ገና አልተቆረጠም።

በዚህ ረገድ የሚያሰጉት ስሕተቶች ሁለት ናቸው።

አንደኛው መዘንጋት ነው። በታችኛው የሳንባ ክፍል ያለ ምች ድያፍራምን ነክቶ ሆድ ያሳምማል፤ ብርቱ ሳልም ያስታውካል። ስለዚህ ሕመሙ ሁሉ በሳንባው ይመካኛል። ይሁን እንጂ የላይኛው ሆድ ሕመም አልለቅ ካለ፣ ወደ ጀርባም ከዘለቀ፣ ልጁ ሳያስልም ካስታወከ፣ የሊፔዝ ምርመራ ማዘዝ ይገባል። አሚሌዝ ከምራቅ ዕጢም ስለሚመነጭ ሊፔዝ ይበልጥ ይታመናል። ተስማሚ የሆድ ሕመም፣ ከጤናማው ከፍተኛ ወሰን ቢያንስ 3 እጥፍ የደረሰ ኢንዛይምና የምስል ማስረጃ ከሚባሉት 3 መለኪያዎች 2ቱ ሲሟሉ በሽታው ይረጋገጣል።

ሁለተኛው መቸኮል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቆሽት ሕሙማን ደም ውስጥ የማይኮፕላዝማ ጸረ እንግዳ አካል ከፍ ብሎ ሲገኝ ጉዳዩ የተቋጨ መስሎ ነበር። ነገር ግን ምርመራው የሚጠቀምበት ቅባታማ አንቲጅን ከተጎዳ የቆሽት ሥጋ በሚወጣ ነገር ሊሳሳት ይችላል የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። ዛሬም ተሕዋሱ በጤነኛ ልጆች ጉሮሮ ውስጥ ስለሚገኝ፣ መገኘቱ ብቻ ጥፋተኛ አያደርገውም። ሌሎቹ ምክንያቶች በቅድሚያ መጣራት አለባቸው።

ሕክምናው በቂ ፈሳሽ መስጠት፣ ሕመምን ማስታገሥና ልጁ እንደቻለ ፈጥኖ መመገብ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ማስጾም የቀረ ልማድ ነው። ማይኮፕላዝማ የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይበግረውም፤ ለሳንባው የሚታዘዘው እንደ አዚትሮማይሲን ያለ ማክሮላይድ ነው።

እንግዲህ የሚያስል ልጅ ሆዱን አመመኝ ሲል፣ ደረቱን ያዳመጠ ሐኪም ሆዱንም ሳይዳስስ አያሰናብተው።